ጠዋት ጠዋት ኦቨርከረንት የሚል ሰርቮ፦ ሞተር ከመግዛታችሁ በፊት

ጥያቄ፦ «ደብረ ብርሃን በሚገኝ የብስኩት ፋብሪካ የጥገና ቴክኒሻን ነኝ። የማሸጊያ ማሽናችን ሦስት ሰርቮ (ቦታውና ፍጥነቱ በትክክል የሚታዘዝ ሞተር ከነድራይቩ) አለው። ከነሱ አንዱ፣ ፓኬቱን የሚያሽገውና የሚቆርጠው የጆው ሞተር (750 ዋት)፣ ጠዋት ሥራ ስንጀምር ኦቨርከረንት (ከልክ ያለፈ ከረንት) የሚል አላርም እያወጣ ይቆማል። ሪሴት ሲደረግ ይነሳል። ሦስት አራት ጊዜ እንዲህ ካደረገ በኋላ ከረፋዱ 4 ሰዓት ጀምሮ እስከ ማታ ምንም አይልም። ሰኞ ሰኞ ይብሳል። ድራይቩን (ለሞተሩ ከረንት የሚልከውን መቆጣጠሪያ) ከፊልም ጎታቹ ድራይቭ ጋር አቀያየርኩት፤ አላርሙ እዚያው ጆው ላይ ቀረ። የሞተሩን ሦስት ፌዝ በመልቲሜትር ስለካ ሦስቱም 0.9 ኦም ናቸው። ኃላፊያችን ሞተር ይገዛ ብለዋል። ኦሲሎስኮፕ የለንም፤ መልቲሜትርና ሜገር (ኢንሱሌሽንን፣ ማለትም የሽቦ ሽፋንን፣ በከፍተኛ ቮልቴጅ የሚፈትሽ መለኪያ) ግን አለን። ችግሩ ሞተሩ ነው ወይስ ሌላ?»

ምላሽ፦

ወንድሜ ሰላም። ሞተሩን አሁን አትግዙ። ድራይቩ ከጥርጣሬ ወጥቷል ማለት ይቻላል፤ ሞተሩ ግን ገና አልተፈረደበትም። እኔ ቀድሜ የምጠረጥረው ሞተሩ ላይ ያለውን የፓወር ኮኔክተር ነው። ቀጥሎ ከፓኔሉ እስከ ጆው የሚሄደውን ኬብል፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ የሞተሩን ጥቅል (ውስጡ የተጠቀለለውን ሽቦ)። እንዲህ እንዳስብ ያደረገኝ አላርሙ አይደለም፤ አንተ በሁለት ቃል ያለፍካት «ሰኞ ሰኞ ይብሳል» የምትለዋ ነገር ናት።

ሰርቮ ሲቆም አብዛኛው ሰው መጀመሪያ ኮዱን አይቶ ማኑዋል ይገልጣል። ክፋት የለውም። ነገር ግን ኮዱ ድራይቩ ችግሩን እንዴት እንዳወቀው ይነግርሃል እንጂ ከየት እንደተነሳ አይነግርህም። ኦቨርከረንት በዴልታ አስዳ ድራይቭ 001፣ በሚትሱቢሺ ጄ4 32፣ በያስካዋ ሲግማ ኤ.100 ተብሎ ይወጣል። ማኑዋሎቹም ከሾርት ኬብል እስከ ተበላሸ ድራይቭ ድረስ ያለውን ሁሉ ይደረድሩልሃል። እንዲያውም በያስካዋ ሲግማ 5 ያው ኤ.100 የሂትሲንክ (የድራይቩ ሙቀት ማስወጫ ብረት) መጋልንም ይጨምራል። ስለዚህ እኔ ከኮዱ ይልቅ «መቼ ነው የሚቆመው?» ብዬ ነው የምጀምረው።

ዋናው ፓወር ገብቶ ሞተሩ ገና ሳይታዘዝ ኦቨርከረንት ካለ፣ ድራይቩ ውስጥ ያለ ነገር ነው። ልክ ሰርቮ ኦን ሲሆን (ድራይቩ ለሞተሩ ከረንት መላክ ሲጀምር) ከሆነ ሾርት ያደረገ ኬብል ወይም ሞተር ፈልግ። ጆው አንድ የተወሰነ ቦታ ላይ ሲደርስ ከሆነ የሚታጠፍ ኬብል አለ። ፍጥነት ሲቀንስ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ኦቨርቮልቴጅ ነው፤ ያኔ ብሬኪንግ ሬዚስተሩን ትለካለህ፣ ያንተ ጉዳይ ግን እሱ አይደለም። ቀዝቅዞ ሲነሳ ብቻ የሚቆምና ሲሞቅ የሚተው ከሆነ ሁለት ነገር ይቀራል፤ ወይ ብርዱ ራሱ፣ ወይ ብርዱ ያመጣው እርጥበት።

እነዚህ ሁለቱ በአላርሙ ዓይነት ይለያያሉ። የቀዘቀዘ ግሪስ ጊርቦክሱን ያከብደዋል፣ ሞተሩም ከወትሮው በላይ ይገፋል። ሰርቮ ሞተር ግን ለአጭር ጊዜ ከመደበኛው ቶርክ (የማዞር ኃይል) ሦስት እጥፍ ያህል እንዲያወጣ ታስቦ የተሠራ ነው። ድራይቩ ከረንቱን በየቅጽበቱ እየለካ የሚቆጣጠረው ራሱ ስለሆነ፣ ጭነቱ ምንም ቢከብድ ከተፈቀደው ጣሪያ በላይ አይለቅም። ጣሪያው ላይ ሆኖ ሰዓት ይቆጥርና ኦቨርሎድ ይላል (በዴልታ 006፣ በሚትሱቢሺ 50 ወይም 51)። ወይም ጆው ከታዘዘበት ቦታ ወደ ኋላ ይቀርና የፖዚሽን ስህተት ያወጣል። ኦቨርከረንት ከነዚህ የተለየ ነው። ከረንቱ ከድራይቩ ቁጥጥር አምልጧል፣ ድራይቩ በማያውቀው መንገድ ሄዷል ማለት ነው። ያ መንገድ ብዙ ጊዜ ወደ መሬት ወይም ከፌዝ ወደ ፌዝ ነው። ስለዚህ በከባድ ግሪስ ጊዜ አናጥፋ።

የደብረ ብርሃንን ሌሊት ታውቀዋለህ። ቅዳሜ ማታ መስመሩ ይታጠባል፣ እሑድ ሙሉ ቀን ማሽኑ ይቀዘቅዛል። ሰኞ ንጋት ላይ ምድጃው ሲለኮስ ከሊጡ የሚወጣው እንፋሎትና ካልደረቀው ወለል የሚነሳው እርጥበት ሞቅ ብሎ አዳራሹን ይሞላዋል። ይህ አየር የቀዘቀዘ ብረት ሲነካ ብረቱ ያልበዋል፤ ፓኔሉም፣ ኮኔክተሩም፣ የሞተሩ አካልም። ሞተር ደግሞ ይተነፍሳል። ሲሞቅ ውስጡ ያለው አየር ይወጣል፣ ሲቀዘቅዝ በላላ ኮኔክተርና በሻፍቱ በኩል የውጭውን አየር ከነእርጥበቱ ይስባል። ከዚያ ሥራ ሲጀመር ሞተሩ ራሱን ያሞቅና እርጥበቱን ያባርራል፤ 4 ሰዓት ሲሆን ነገሩ ሁሉ ይደርቃል። ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ ማሽኑ የሚያርፈው አንድ ሌሊት ብቻ ስለሆነ ቀለል ይላል። ታሪኩ ሁሉ ካንተ ገለጻ ጋር ይገጥማል። መግጠም ግን ማስረጃ አይደለም፤ ማስረጃውን የሚሰጥህ እጅህ ላይ ያለው ሜገር ነው።

ወደ ሜገሩ ከመሄዴ በፊት ስለ 0.9 ኦሟ። መልካም ዜና ናት፤ የተበጠሰ ሽቦ የለም፣ ፌዝ ከፌዝ ጋርም ሙሉ ሾርት አላደረገም። ከዚያ በላይ ግን ምንም አትነግርህም። መልቲሜትር ኦም ሲለካ ሽቦው ላይ የሚያሳርፈው ጥቂት ቮልት ነው። ድራይቩ ግን 220 ቮልቱን ወደ ዲሲ ቀይሮ 311 ቮልት አካባቢ ያደርሰዋል፣ እሱንም በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እየቆራረጠ ይልካል። ኬብሉ ረጅም ሲሆን ደግሞ ሞገዱ ተመልሶ እየተደራረበ ሞተሩ ጫፍ ላይ እስከ እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። በ9 ቮልት ባትሪ ዝም ያለ እርጥብ ኢንሱሌሽን እዚያ ላይ ሲደርስ ያፈሳል። በዚያ ላይ የመልቲሜትርህን ሁለት እግር አነካክተህ እይ፤ ባዶውን 0.2 ወይም 0.3 ያነብልሃል። በዚህ ልኬት ጥቅሉ ውስጥ ጥቂት ዙር ሾርት ቢያደርግ አታየውም።

እንግዲህ ሰኞ ጠዋት ቀድመህ ግባ። ልኬቱ መደረግ ያለበት ምድጃው ሳይሞቅ፣ ማሽኑ አንድም ጊዜ ሳይነሳ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጠዋት አላርሙን ሪሴት እያደረገ ምርቱን ያስኬድና ሰው ምሳ ሲወጣ ሜገር ይዞ ይመጣል። ያኔ ሞተሩ ደርቋል፣ ሜገሩም «ጤነኛ ነው» ይለዋል።

ብሬከሩን አጥፍተህ ቆልፍ፣ ቁልፉን ኪስህ ክተት። ድራይቩ ላይ ያለው የቻርጅ መብራት ጠፋ ብለህ እንዳትነካ። ማኑዋሉ የሚለውን ያህል ጠብቅ፤ 10 ካለ 10፣ 15 ካለ 15 ደቂቃ። ከዚያ የዲሲ ባሱን (ድራይቩ ውስጥ ያንን 311 ቮልት የሚይዘውን መስመር) ፕላስና ማይነስ ለክተህ መውረዱን በዓይንህ እይ። ከዚያ በኋላ ዩ፣ ቪና ደብሊዩን (ወደ ሞተሩ የሚሄዱትን ሦስት የፌዝ ሽቦዎች) ከድራይቩ ፍታ። ሜገር እየለካህ አንዱ ፌዝ እንኳ ድራይቩ ላይ ታስሮ ከቀረ 500 ቮልቱ ቀጥታ ትራንዚስተሮቹ ላይ ያርፋል፤ ጤነኛውን ድራይቭ የገደልከው አንተ ነህ። የኢንኮደሩን (ሞተሩ ጀርባ ላይ ሆኖ የሻፍቱን ቦታ ለድራይቩ የሚነግረውን) ኮኔክተር አትንካው፤ የሜገሩም ጫፍ ፒኖቹ አጠገብ እንዳይደርስ። ኢንኮደሩ ባለ ባትሪ አብሶሉት (ፓወር ጠፍቶም ቦታውን በባትሪ የሚያስታውስ) ከሆነና ከሞተሩ ላይ ከነቀልከው ዜሮ ቦታውን ሊረሳ ይችላል። በኋላ መንቀል ግድ ከሆነብህ የጆውን ቦታ አስቀድመህ በማርከር አስምር።

ሜገሩን 500 ቮልት ላይ አድርግ። አንዱን እግር የሞተሩ መሬት (ኧርዝ) ላይ፣ ሌላውን ከድራይቩ ከፈታሃቸው ሦስት ሽቦዎች በአንዱ ላይ አድርገህ አንድ ደቂቃ ያዝ። ጥቅሎቹ ሞተሩ ውስጥ ስለሚገናኙ ሞተሩ እስከተሰካ ድረስ የአንዱ ንባብ የሦስቱም ነው። ይህ የኬብሉና የሞተሩ የጋራ ቁጥር ነው፤ ጻፈው። ቀጥሎ ሞተሩ ላይ ያለውን የፓወር ኮኔክተር ንቀልና ሁለቱን ለየብቻ ለካ፦ ሞተሩን ከፒን ወደ አካል፣ ኬብሉን ደግሞ እያንዳንዱን ሽቦ ወደ መሬትና እርስ በርስ። ከቀኑ 6 ሰዓት አካባቢ፣ ማሽኑ ሞቆ ሲቆም፣ ያንኑ ሁሉ ድገም። ፍርዱ የሚሰጠው በሁለቱ ሰዓታት መካከል ባለው ልዩነት ነው።

ደህና ሰርቮ ሞተር ከ100 ሜጋ ኦም በላይ ማሳየቱ የተለመደ ነው። ከ10 በታች ከወረደ ክትትል ይፈልጋል፤ ከ1 በታች ሆኖ ማሽን አስነሳ ብሎ ማዘዝ ድራይቩ ላይ መፍረድ ነው። የጋራው ቁጥር ጠዋት ዝቅ ብሎ ኮኔክተሩ ሲነቀል ሞተሩ ብቻውን ከፍ ካለ፣ ሞተሩ ነፃ ነው። ሞተሩ ብቻውን ጠዋት ግማሽ ሜጋ ኦም፣ ቀትር ላይ 200 ካሳየ አልተቃጠለም፤ ውኃ ጠጥቷል። ጠዋትም ቀትርም አንድ ዓይነት ዝቅተኛ ቁጥር ካለው ግን ጥቅሉ ቆስሏል፣ ያኔ ኃላፊህ ልክ ናቸው።

ኮኔክተሩን ስትነቅል አትቸኩል። ባትሪ አብርተህ ውስጡን እይ። ፒኖቹ ላይ አረንጓዴ ዝገት ወይም ከማጠቢያ ሳሙና የቀረ ነጭ ዱቄት ካለ ውኃ ይገባል ማለት ነው። ከሁሉ የሚከፋው ከአንዱ ፒን ወደ ሌላው ወይም ወደ ብረት ቀለበቱ በፕላስቲኩ ላይ የተሰመረ ቀጭን ጥቁር መስመር ነው። ከረንቱ የተጓዘበት የካርቦን መንገድ ነውና በኮንታክት ክሊነርም ሆነ በምላጭ አይድንም፤ ኮኔክተሩ ይቀየር። ጎማው ተጨፍልቆ ወይም ወድቆ ይሆናል፣ እሱንም እይ። ኬብሉ ወደ ኮኔክተሩ የሚገባው ከላይ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ውኃው በኬብሉ ልባስ ላይ እየተንሸራተተ ቀጥታ ኮኔክተሩ ውስጥ ይወርዳል። ኬብሉን ከኮኔክተሩ ዝቅ አድርገህ አዙረህ ወደ ላይ መልሰው፣ ጠብታው ከታጠፈበት ታች ይውደቅ። ሲሊኮን መለጠፍ ግን አልመክርም፤ ውኃ እንዳይገባ ሳይሆን የገባው እንዳይወጣ ነው የሚያደርገው።

ሞተሩ ራሱ ከረጠበ፣ እባክህ ብስኩት መጋገሪያ ውስጥ አታስገባው! ቀልድ አይደለም፣ ይህን ያሰቡ ሰዎች አጋጥመውኛል። ኢንኮደሩ ኤሌክትሮኒክስ ነው፣ ከፍተኛ ሙቀት ይገድለዋል። ደረቅና ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ ወይም በአምፖል ሙቀት ቀስ ብሎ ይድረቅ፣ እየደጋገምክ በሜገር ለካ፣ ቁጥሩ መውጣቱን አቁሞ ሲረጋ በቃው። ለወደፊቱ ደግሞ የጽዳት ሠራተኞቹን አነጋግራቸው። ሞተሩ ላይ አይፒ 65 (አቧራና ውኃ የመከላከል ደረጃ) ተብሎ መጻፉ በግፊት ቱቦ ይታጠባል ማለት አይደለም፤ ኦይል ሲል (የሻፍት ማሸጊያ ጎማ) ከሌለው የሻፍቱ መውጫ ከዚያ ጥበቃ ውጭ ነው፣ ኮኔክተሩም በደንብ ካልተጠበቀ ቁጥሩ ዋጋ የለውም። ሲያጥቡ ፕላስቲክ ይልበስ፣ እንደጨረሱ ግን ይውለቅ።

ኬብሉን በሚመለከት፣ ማሽናችሁ ቦክስ ሞሽን ከሆነ፣ ማለትም ጆው ከፓኬቱ ጋር ወደፊት እየሄደ የሚመለስ ከሆነ፣ ሞተሩም አብሮ ስለሚንቀሳቀስ ኬብሉ ቀን ከሌት ይታጠፋል። ጆው በቦታው የሚሽከረከር ብቻ ከሆነ ይህ ጥርጣሬ ይቀንሳል፤ ግን ማሞቂያው አጠገብ ያለፈ ኬብል ልባሱ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ስታጥፈው ኳ ኳ ሲል ትሰማዋለህ። ኬብሉ ከሞተሩ ተነቅሎ ሜገሩ ላይ እንዳለ ጓደኛህ ኬብሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ እያለ እያጠፈ ይሂድ፣ አንተ ንባቡ ላይ ዓይንህን አትንቀል። ጓደኛህ የኬብሉን ልባስ እንጂ የተላጠውን ጫፍ እንዳይነካ፤ ሜገር ያስደነግጣል።

አንድ የውኃ ማሸጊያ መስመር ላይ ለተመሳሳይ አላርም ሁለት ሞተር ተቀይሮ ነበር። ሞተር በተቀየረ ቁጥር ማሽኑ ለጥቂት ሳምንት ደህና ይሠራና አላርሙ ይመለሳል። ሁሉም «የመጣው ሞተር ሁሉ ደካማ ነው» ብለው ነበር። እውነቱ ግን ሞተር ሲቀየር ኬብሉ ይነቃነቃል፣ የቆሰለውም ቦታ ከብረቱ ራቅ ይላል፤ እየተንቀሳቀሰ እንደገና ብረቱን እስኪነካ ድረስ ሰላም ነው። አላርሙ የጠፋው በሞተሩ ምክንያት ነው ብሎ ማመን እንዴት ቀላል እንደሆነ ታያለህ። ስለዚህ ሞተር ቀይረህ ደህና ከሆነ እንኳ አሮጌውን በሜገር ሳትፈትሽ «ሞቷል» ብለህ አትጻፍበት።

ሜገር የማያየው አንድ ነገር አለ፤ ጥቅሉ ውስጥ ዙር ከዙር ጋር የሚያደርገው ሾርት። ወደ መሬት ስለማያፈስ ሜገሩ ዝም ይላል። ለዚህ እጅህ ይበቃል። ሞተሩን ከጆው አላቅቀው፣ ቺንጋውንም ሆነ ካፕሊንጉን አውጣ። ካፕሊንጉ ከጠበቀ በማውጫ ሳበው፤ ሻፍት በመዶሻ ከተመታ ከኋላ ያለው ኢንኮደር መስታወት ዲስክ ሊሆን ስለሚችል ለዘላለሙ ይበላሻል። ዩ፣ ቪና ደብሊዩ ተፈተው ሳይነካኩ ሻፍቱን በእጅህ አሽከርክር፤ ቀለል ብሎ መዞር አለበት፣ የማግኔቱ ጥቂት ቆም ቆም ማለት ቢሰማህ አትደንግጥ። ከዚያ ሦስቱን ሽቦ አንድ ላይ አስረህ እንደገና አዙር። አሁን ማር ውስጥ እንደምታማስል ይከብድሃል፣ ክብደቱም ዙሩን ሙሉ እኩል መሆን አለበት። ቀጥሎ ሁለት ሁለቱን ብቻ እያገናኘህ ዩ ከቪ፣ ቪ ከደብሊዩ፣ ደብሊዩ ከዩ ሞክር፤ ሦስቱም ለእጅህ አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው። አንዱ ከተለየ ጥቅሉ ተጎድቷል። ሽቦዎቹ ሳይነካኩም የሚከብድ ከሆነ ደግሞ ፈጠን አድርገህ አዙረው፤ ፍጥነት ሲጨምር ክብደቱም ከጨመረ ጥቅሉ ውስጥ ሾርት አለ፣ በዝግታም በፍጥነትም ያው ከሆነ ኩሽኔታው ነው። ጨርሶ አልዞርም ካለ ብሬክ ያለው ሞተር ነው፣ 24 ቮልቱን ካልሰጠኸው አይለቅህም። ስታሽከረክር የተላጠ ሽቦ አትያዝ፤ ማግኔት ያለው ሞተር ሲዞር ጄኔሬተር ነው።

ድራይቭ ስለመቀያየርህ ልናገር። ያገኘኸው መረጃ ጥሩ ነው፤ አላርሙ ከድራይቩ ጋር አልሄደም፣ ጆው ላይ ቀረ። ቅደም ተከተሉን ግን አልወደድኩትም። ሞተሩ ወይም ኬብሉ ሙሉ ሾርት ቢሆን ኖሮ የፊልም ጎታቹንም ድራይቭ ልታቃጥለው ትችል ነበር፣ በአንድ ፈንታ ሁለት ድራይቭ ታጣ ነበር። መጀመሪያ ሜገር፣ ከዚያ መቀያየር። አሁንም ሁለቱ ድራይቮች በዚህ አላርም ብዙ ጊዜ ስለተመቱ ወደ ሞተሩ ከረንት የሚያወጣውን ክፍላቸውን ፈትሽ። ፓወር ጠፍቶ፣ ባሱ ወርዶ፣ ሞተሩ ተፈትቶ መልቲሜትሩን ዳዮድ ላይ አድርግ። ቀዩን እግር የዲሲ ባሱ ማይነስ ላይ፣ ጥቁሩን በየተራ ዩ፣ ቪ፣ ደብሊዩ ላይ፤ ከዚያ ጥቁሩን ፕላስ ላይ፣ ቀዩን በየተራ በሦስቱ ላይ። ስድስቱም ከ0.3 እስከ 0.5 አካባቢ ተቀራራቢ ቁጥር ይሰጡሃል። አንዱ ዜሮ ካለ አይጂቢቲው (ከረንቱን የሚቆራርጠው ትራንዚስተር) ሄዷል፤ አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከራቀም አትመነው።

ሰኞ ጠዋት ሁሉም ቁጥር ንጹሕ ሆኖ ቢገኝስ? ያኔ ፊትህን ወደ ኢንኮደር ታዞራለህ። ድራይቩ ከረንቱን የሚልከው ማግኔቱ የት እንዳለ ኢንኮደሩ በሚነግረው መሠረት ነው። ኢንኮደሩ ከዋሸ ከረንቱ በተሳሳተ ማዕዘን ይገባል፣ ሞተሩም ይንዘፈዘፋል ወይም ያጓራል፣ አንዳንዴም መጨረሻው ኦቨርከረንት ይሆናል። የኢንኮደሩ ኮኔክተርም ከፓወሩ እኩል ይረጥባልና እሱንም ክፈተው፤ የኢንኮደሩ 5 ቮልት ድራይቩ ጋ ብቻ ሳይሆን ሞተሩ ጫፍ ላይ ሙሉ መድረሱን ለካ። የሺልዱ (ኬብሉን ከረብሻ የሚከላከለው የብረት መረብ) መሬት በትክክል መታሰሩንና ኬብሉ ከጆው ማሞቂያ ሽቦ ጋር በአንድ ቱቦ አለመሄዱን ተመልከት።

ኦሲሎስኮፕ የለንም ብለሃል፤ አላችሁ፣ ድራይቩ ውስጥ ነው። አስዳ ሶፍት፣ ሲግማዊን ፕላስ፣ ኤምአር ኮንፊጉሬተር፣ እያንዳንዱ አምራች ለድራይቩ የሚሆን ሶፍትዌር አለው፣ በውስጡም ቶርክ፣ ፍጥነትና የፖዚሽን ስህተት የሚቀዳ ስኮፕ አለ። ላፕቶፕ ሰክተህ ጠዋት ከመጀመሪያው ጀምሮ ቅዳ። ቶርኩ በሰላም እየሄደ ድንገት በአንዲት ቅጽበት ከተቆረጠ ሾርት ወይም ፍሳሽ ነው። ከመቆሙ በፊት ላይና ታች መወዛወዝ ከጀመረ ደግሞ ኢንኮደር ወይም ከልክ በላይ የተሞላ ጌይን (ድራይቩ ለስህተት ምን ያህል በኃይል እንደሚመልስ የሚወስን ቅንብር) ነው። የአላርም ታሪኩንም አውጣ፤ ከኦቨርከረንቱ በፊት የተመዘገበ የኢንኮደር አላርም ካለ መንገድህን ያሳጥርልሃል።

ከጥያቄህ ወጣ ብዬ አንድ ነገር ልጨምር፣ እናንተ ከተማ ስለሆነ። የድራይቭና የሞተር መደበኛ አቅም አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ነው፤ ከዚያ በላይ ብዙዎቹ አምራቾች በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ያህል ቀንስ ይላሉ፣ አየሩ ሳስቶ በደንብ ስለማያቀዘቅዝ። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ላይ ናት፣ ስለዚህ ወደ 18 በመቶ ገደማ ከወረቀቱ ላይ መቀነስ አለብህ። 750 ዋት የተባለው ሞተር እናንተ ጋ ከ620 ብዙም አይበልጥም። ከ2,000 ሜትር በላይ የሳሳ አየር ኢንሱሌሽን ሆኖ የመቆም አቅሙም ይቀንሳል፤ እርጥብ ኮኔክተር ደግሞ ለዚህ ምቹ ቦታ ነው። ማሽን ሻጮች ይህን ሳይጠየቁ ሲናገሩ አልሰማሁም፤ ሞተር የምትገዙ ከሆነ ከፍታውን ትእዛዙ ላይ ጻፉት።

ለኃላፊህ የምትሰጣቸው የግዥ ዝርዝር እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ ለሚንቀሳቀስ ቦታ የሚሠራ ፓወር ኬብል ከነኮኔክተሩ፤ ከሞተር ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፣ ባይሆንም መለዋወጫ ሆኖ እስቶር ይቀመጣል። የኢንኮደር ኬብልም አብሮ ቢመጣ ጥሩ ነው። ሞተሩን ግን የሰኞ ጠዋቱን ቁጥርና የእጅ ፍተሻውን ውጤት ሳይዙ እንዳያዝዙ። ቁጥሮቹ ሞተሩ ላይ ከፈረዱ ደግሞ አሮጌውን ራስህ አትክፈተው፤ ሮተሩ ማግኔት ስለሆነ ከወጣ በኋላ መመለሱ ጣት ያስጨፈልቃል፣ ኢንኮደሩም ከቦታው ከተንቀሳቀሰ ያለ ልዩ መሣሪያ መልሶ አይገጥምም። የሰርቮ ጥቅል የሚጠግን ወርክሾፕ ካገኛችሁ መጀመሪያ ኢንኮደር እንደሚያስተካክል ጠይቁት፤ መልሱ «እሱን እናየዋለን» ከሆነ ሞተሩን ይዘህ ተመለስ።